ጭስ ያልወጣበት ቤት፦ በገጠር ቀበሌ አረጋውያንን የሚጎበኝ ቡድን እንዴት እንደሚጀመር

በመንዝ ወይም በአንጎለላና ጠራ ደጋ ጠዋት ተነስታችሁ መንደሩን ስታዩ ከየቤቱ ጭስ ይወጣል። ረፋዱ ላይ ጭስ ያልታየበት ቤት ካለ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። እዚያ ያለው ሰው ወይ ኩበት አልቆበታል፣ ወይ ከመደቡ መነሳት አቅቶታል። ይህን ያስተማሩኝ አንዲት እናት ናቸው። ሰው "ራበኝ" አይልም፣ ጭሱን እዩ ብለውኛል።

በሰሜን ሸዋ ገጠር ሽማግሌና አሮጊት ብቻቸውን የቀሩበት ቤት ብዙ ነው። ልጆች ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ገብተዋል። ዓረብ አገር የሄዱም አሉ። ይህን የምጽፈው በመንደራችሁ አንድ ነገር ለመጀመር ለምታስቡ ነው። መምህር ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ የእድር አባል፣ ወይም ለክረምት ወደ ቤት የተመለሰ ተማሪ። እኛ ከጥቂት ጎረቤቶች ጋር ስንሠራ የተማርነውን እነግራችኋለሁ። የተሳሳትነውንም ጭምር።

አንደኛ፦ ወደ እድሩ ሂዱ

አዲስ ማኅበር ለማቋቋም አትቸኩሉ። ፈቃድ፣ ማኅተም፣ ደብዳቤ ስትሉ ክረምቱ ይገባባችኋል። እድር ግን በየመንደሩ አለ። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። የአባላት መዝገብ አለው። ቃሬዛ አለው። ሰውም ያምነዋል። ጥሩምባ ነፊው ደግሞ በየትኛው ጎጥ ማን እንዳለ ጠንቅቆ ያውቃል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማነጋግረው እሱን ነው።

ችግሩ አብዛኛው እድር የሚንቀሳቀሰው ሰው ሲሞት መሆኑ ነው። ስለዚህ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር ጠይቁ። እድሩ ጧሪ የሌላቸውን ሰዎች በሕይወት እያሉ ይጎበኛል፣ ለዚህም ይህን ያህል ይመድባል የሚል። አጭር ይሁን። በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ስብሰባው ላይ "ይሄ የቀብር ገንዘብ ነው፣ አይነካም" የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት አለው፣ አትከራከሩት። የቀብሩን ገንዘብ ተዉትና ለብቻው ትንሽ ጭማሪ ጠይቁ። 80 አባወራ ያለው እድር በወር አምስት አምስት ብር ቢጨምር 400 ብር ይሆናል። ብዙ አይደለም፣ ግን ለሳሙና፣ ለጨውና ለቡና ያህል ይረዳል። በአዝመራ ጊዜ ደግሞ ከብር ይልቅ እህል ጠይቁ። አውድማ ላይ አንድ ጣሳ ገብስ ወይም ባቄላ የሚከለክል ገበሬ እኔ አላጋጠመኝም።

ከእድሩ ቀጥሎ ሰበካ ጉባኤውንና ሰንበቴውን አናግሩ። የንስሐ አባት የትኛዋ እናት ከቤተ ክርስቲያን እንደቀረች፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም ያውቃሉ። ሙስሊሞች በሚኖሩበት ቀበሌ፣ ለምሳሌ በቀወትና በኤፍራታና ግድም ቆላ፣ ኢማሙን ከመጀመሪያው ቀን አብራችሁ ጥሩ። ዘካና ሰደቃ ለዚሁ ሥራ የቆየ መንገድ ናቸው። የምትጎበኙት ሰው ሃይማኖት የጎብኚዎችን ቅንጅት ይወስን ይሆናል እንጂ፣ መጎብኘት አለመጎብኘቱን መወሰን የለበትም።

ለቀበሌውም አሳውቁ። የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት የሚባል ችግረኞችን የሚረዳ ኮሚቴ በቀበሌያችሁ ካለ ከእሱ ጋር ተያያዙ። ከሌለም ሥራውን ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም።

ሁለተኛ፦ መዝገብ አዘጋጁ፣ ግን በዓይናችሁ

አንድ ደብተር ይበቃል። በመንግሥት ፖሊሲ አረጋዊ የሚባለው 60 ዓመት የሞላው ሰው ነው። በገጠር ግን የልደት ቀኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዘመን ጠይቁ። በ1966ቱ አብዮት ጊዜ ትዳር ይዘው ነበር? ያ ከሆነ 60ን ካለፉ ቆይተዋል። ጣልያን ሲወጣ ያስታውሳሉ? ያ 1933 ነው።

ከዕድሜው ይልቅ የሚጠቅማችሁ ይህ ነው። ውኃ ማን ይቀዳል? ማን ይጋግራል? እንጨትና ኩበት ከየት ይመጣል? ሌሊት ቢያማቸው ማንን ይጠራሉ? ሐኪም ቤት መጨረሻ የሄዱት መቼ ነው?

መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎደለኝ።" አገራችን ሰው እጄ አጠረ ማለትን ይጠላል። ስለዚህ እያወራችሁ ዙሪያውን ተመልከቱ። ጀሪካኑ ውስጥ ውኃ አለ? የዱቄቱ ዕቃ ባዶ ነው? ጣሪያው ላይ ብርሃን ይታያል? መደቡ ላይ የሚደረበው ምንድን ነው? ያያችሁትን እዚያው አትጻፉ። ከወጣችሁ በኋላ ጻፉ። ሰው ፊት ቤቱን እየቃኙ መመዝገብ ያሳፍረዋል።

ብቻቸውን የሚኖሩትን ብቻ አትፈልጉ። ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ አያቶች አሉ። ባል ሚስትን፣ ሚስት ባልን የሚያስታምሙበት ቤት አለ። ቤቱ ሰው ሞልቶበት ጥግ ላይ የተረሱም አሉ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ከሁሉም ይከብዳሉ። ወደ ልጁ ወይም ወደ ምራቲቱ ቀጥታ ወቀሳ ይዛችሁ አትሂዱ። በሽማግሌ ግቡ፣ የቤቱንም ድካም ስሙ። ብዙ ጊዜ አስታማሚው ራሱ ደክሞት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ እናንተ ከእናቱ ጋር ቁጭ ብላችሁ እሱን ገበያ ብትልኩት ብዙ ነገር ይለወጣል።

ስትጨርሱ ስሞቹን በሦስት ክፈሉ። ጨዋታ ብቻ የሚሹ፣ በሳምንት አንድ ቀን እጅ የሚያስፈልጋቸው፣ በየቀኑ መታየት ያለባቸው። ለሦስተኞቹ ቅርብ ጎረቤት ፈልጉ። የጎረቤቱ ሥራ ጠዋት ጭሱን ማየት ነው።

ሦስተኛ፦ ሁለት ሁለት ሁኑ

አንድ ሰው ብቻውን አይሂድ። ሁለት ሲሆኑ አንዱ ቢታመም ሌላው ይሄዳል፣ ነገር ቢጠፋም ምስክር አለ። ከሁለቱ አንዷ ሴት ብትሆን ጥሩ ነው። እናቶችን የምታጥብ ሴት ናት፣ አባቶችን ደግሞ ወንድ። ይህን ወግ አትዝለሉት።

አሥር ሰው ካላችሁ አምስት ጥንድ ይሆናል። ጥንዱ ሦስት ቤት ቢይዝ 15 አረጋውያን ናቸው። ከዚያ በላይ አትያዙ። በእግር ከሩብ ሰዓት በላይ የሚያስኬድ ቤትም ለጥንዱ አትስጡ። በሐምሌ ጭቃና ጉም መጀመሪያ የሚቀረው ሩቁ ቤት ነው።

ተማሪን ከተማሪ ጋር አታጣምሩ። መስከረም ሲጠባ ሁለቱም ይሄዳሉ። አንድ ተማሪ ከአንዲት የመንደሩ ሴት ጋር ይሁን።

አንድ ጥብቅ ነገር። የአረጋዊውን መሬት በእኩል፣ ማለትም ምርቱን እየተካፈለ፣ የሚያርስ ሰው፣ ወይም በዚያ መሬት ላይ ክርክር ያለው ዘመድ፣ ጎብኚ አይሁን። ምክንያቱን ወደፊት እመለስበታለሁ።

አራተኛ፦ ቀን ቁረጡ

እኛ በመጀመሪያው ዓመት ያጠፋነው እዚህ ላይ ነው። ለእንቁጣጣሽ ብርድ ልብስ ሰብስበን ሰጠን። አስፈረምን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ተመረቅን፣ ሄድን። ከሦስት ወር በኋላ በታኅሣሥ ውርጭ ስንመለስ አንድ አባት ብርድ ልብሱን አጣጥፈው ሳጥን ላይ አስቀምጠውት አገኘን። ነጠላ ለብሰው ይንቀጠቀጣሉ። ለምን አልለበሱትም ስንላቸው፣ አስፈርማችሁኝ የለ፣ ተመልሳችሁ ብትጠይቁኝ ንጹሕ ይሁን ብዬ ነው አሉ። ያን ቀን ወደ ቤቴ የተመለስኩት እያለቀስኩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስጦታ ኖረም አልኖረም ቀኑ አይታጠፍም። ቅዳሜ ጠዋት ከተባለ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የሚጠብቅ ሰው አለ። ከማለዳ ጀምሮ ቤቱን ጠርጎ ይጠብቃችኋል።

ቀኑን ስትመርጡ የገበሬውን የበዓል ቀን ተጠቀሙ። እንደየአጥቢያው ይለያያል እንጂ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም በሬ አይጠመድም፣ ሰው ቤቱ ነው። ለጨዋታ፣ ለጥየቃ፣ ደብዳቤና መልእክት ለማንበብ እነዚህ ቀናት ይመቻሉ። እንጨት መፍለጥና ጣሪያ መክደን ግን በሥራ ቀን ይሁን። በሚካኤል ዕለት መጥረቢያ ብታነሱ እሳቸው ራሳቸው ያስቆሟችኋል።

ዓመቱንም አስቀድማችሁ ተመልከቱት። ውርጩ የሚጠነክረው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፣ የሚደረብ ነገር በዚያን ጊዜ ይድረስ። አጨዳው የሚደርሰውም ያኔ ስለሆነ ጎብኚው ይጠፋል፣ ተተኪ አዘጋጁ። ሚያዝያና ግንቦት የጣሪያ ጊዜ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው የሚራቆትበት፣ እንጨቱ የሚርስበት ነው። በሳምንት አንድ ቀን የነበረው ሁለት ይሁን።

አምስተኛ፦ እቤት ስትገቡ

ከአጥሩ ውጭ ቆማችሁ "ቤቶች!" በሉ። መልስ ጠብቁ። ሰምተው እስኪነሱ ጊዜ ይወስዳል። "አንቱ" በሉ። ከከተማ የመጡ ወጣቶች በፍቅር "አንቺ እማማ" ሲሉ እሰማለሁ። ከተማ ያስኬዳል፣ እዚህ ግን ጆሮ ይቆረቁራል።

ቁጭ በሉ። ሥራው ይደርሳል። እንዴት አደሩ፣ እግርዎ እንዴት ሆነ፣ ላሚቱ ወለደች ወይ። ልጅ ከአዲስ አበባ ደውሎ እንደሆነ ጠይቁ። ካልደወለ እዚያው በስልካችሁ ደውሉላቸው። ይህ ከዱቄት የሚበልጥበት ቀን አለ።

ባዶ እጅ ሊሸኟችሁ አይፈልጉም። የመጨረሻዋን ቡና ይቆሉላችኋል። እምቢ ማለት ነውር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ቡናውን እናንተ ይዛችሁ ሂዱ። የሚያፈሉት ግን እሳቸው ይሁኑ። እጃቸው ከቻለ የሚሰጡትንም ተቀበሉ። መንዝ ውስጥ የበግ ፀጉር የሚፈትሉ እናቶች አሉ፣ ጥጥ የሚፈትሉም እንዲሁ። ፍትላቸውን ገበያ ወስዳችሁ ሸጣችሁ ብሩን አምጡላቸው። የሚያስታርቁ ሽማግሌ ከሆኑ ለዳኝነት ጥሯቸው፣ ደግፋችሁም ውሰዷቸው።

ከዚያ ሥራው። ውኃ ቅዱ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉውን 20 ኪሎ ነው። ሞልታችሁ ብትሄዱ እሳቸው አያነሱትም። በባለ አምስት ሊትር ገልብጡና ደረታቸው በሚደርስበት ከፍታ አስቀምጡ። እንጨቱን ቀጭን አድርጋችሁ ፍለጡ፣ ኩበቱን ዝናብ ከማያገኘው ቦታ አስገቡ። የእግር ጥፍር ቁረጡ። ይህን ማንም አያስታውሰውም፣ ጎንበስ ብሎ መቁረጥ የማይችል ሰው ግን ጥፍሩ ሥጋው ውስጥ እየገባ ይሰቃያል።

ምግብ ስትወስዱ ጾሙን አስቡ። ረቡዕና አርብ ወተት ይዞ መሄድ ማስቀየም ነው። በሶ፣ አጥሚትና የሽሮ ዱቄት ጥርስ ለሌለው ሰው ይሆናል። ቆሎ አይሆንም። በሶ ምድጃ ሳይነድ ስለሚበላ፣ መነሳት ላቃታቸው ቀን ትንሽ ዕቃ ሞልታችሁ ከመደቡ አጠገብ አኑሩ።

ፎቶ አታንሱ። ለጋሽ ቢጠይቅም አታንሱ። የተጠገነውን ጣሪያ አንሱለት።

ስድስተኛ፦ ጤና

እናንተ ሐኪም አይደላችሁም። ሥራችሁ ማየትና ማድረስ ነው። በቀበሌው ጤና ኬላ ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ዝርዝሩን አሳዩአቸው፣ በየጊዜው ደም ግፊት እንዲለኩ ቀን ያዙ። የደም ግፊት መድኃኒት "ተሻለኝ" ተብሎ አይቆምም። ጎረቤት የሰጠውን ኪኒን መዋጥም የተለመደ ነው፣ ይህን በየጊዜው ተናገሩ። ስኳር ያለባቸው እናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጾሙ ሊወድቁ ይችላሉ። እናንተ "አይጹሙ" ብትሏቸው አይሰሟችሁም። የንስሐ አባታቸው ከጤና ባለሙያው ጋር ተነጋግረው ቢነግሯቸው ይሰማሉ። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው አታስገድድም።

መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ መድኃኒት አንድ ፍሬ እስኪቀር አትጠብቁ። የሁለት ሳምንት ሲቀር አስሞሉ።

ዓይን ላይ ትኩረት አድርጉ። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ እየገባ በወረንጦ የሚነቅሉ ካሉ ብዙ ጊዜ ትራኮማ ነው። በትንሽ ቀዶ ጥገና ይስተካከላል። ብሌኑ ነጭ የሆነ ሰው የዓይን ሞራ ሊኖረው ይችላል። እሱም በቀዶ ጥገና ይወጣል። ብዙ ሰው "እርጅና ነው" ብሎ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል።

በደጋ ብርድ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል። ከከሰሉ የሚወጣው መርዝ ሽታ የለውም። ከመኝታ በፊት ምድጃው ውጭ ይደር። ይህን እያንዳንዱ ጥንድ በየቤቱ ይናገር፣ ደጋግሞም ይናገር።

እነዚህን ስታዩ ቀን አትቁጠሩ፣ በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ አድርሱ። አፍ በአንድ በኩል ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ። ምግብም ውኃም በአፍ አትስጡ። ወድቀው መቆም ካቃታቸው፣ እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ ዳሌ ተሰብሮ ይሆናል። ወጌሻ አይሸው። በእድሩ ቃሬዛ ተሸከሟቸው። ቃሬዛው ለሕያው ሰው መዋሉ የሚያስደነግጣቸው ሰዎች አሉ፣ ይህንንም አስቀድማችሁ በስብሰባ ተስማሙበት።

ሰባተኛ፦ ወረቀት፣ ብርና መሬት

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይላል። ያ ቃል መሬት የሚወርደው በሁለት ዝርዝሮች ነው፣ ሁለቱም ቀበሌ ላይ ይዘጋጃሉ።

የመጀመሪያው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋ ነው። መክፈል የማይችሉትን ቀበሌው ሲመርጥ መንግሥት ይከፍልላቸዋል። የእናንተ አረጋውያን በዝርዝሩ መኖራቸውን ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት አረጋግጡ። የአባልነት ደብተሩ በየዓመቱ ይታደሳል። ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ሳትይዙ በቀጥታ ሆስፒታል ብትሄዱ መድኑ ላይሸፍንላችሁ ይችላል።

ሁለተኛው ልማታዊ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ምግብ የሚያጥራቸውን ቤተሰቦች በአብዛኛው ሥራ አሠርቶ የሚደግፈው የመንግሥት ፕሮግራም ነው። በ1997 የተጀመረ ሲሆን ፕሮግራሙ ባለባቸው ወረዳዎች መሥራት የማይችሉ ሰዎች ጉልበት ሳይጠየቁ በቀጥታ ይደገፋሉ። ስማቸው ከሌለ ማጣሪያው በሚደረግበት ስብሰባ ተገኝታችሁ ተናገሩላቸው። አረጋዊው ራሱ አዳራሽ ድረስ አይመጣም፣ ቢመጣም እጁን አያወጣም።

ልጅ በቴሌብር ብር ሲልክ የሚስጥር ቁጥሩን ጎብኚ አይያዝ። ወጪ ሲደረግ ሁለታችሁም ተገኙ፣ በደብተር ጻፉ።

አሁን ወደ መሬቱ። አንድ ሰው ጧሪ ነኝ ብሎ ቀርቦ የይዞታ ደብተሩን በስጦታ ውል ሊያዞር የሚችልበት መንገድ ስላለ፣ ደግም ክፉም ሰው ይመጣል። እናንተ ውል አትጻፉ፣ አትፈርሙ፣ ከአረጋዊውም ቁራሽ መሬት አትቀበሉ። "ልስጥህ ልጄ" ይሏችኋል፣ ከልባቸው ነው። አትቀበሉ። ውል የሚያደርጉ ከሆነ ገለልተኛ ሽማግሌ ባለበት ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው። የአንድ ጎብኚ እጅ እዚህ ከገባ የመንደሩ እምነት አለቀ፣ ቀሪዎቹም ቤቶች ይዘጋሉ።

ስምንተኛ፦ ጣሪያ

በግንቦት ደቦ ጥሩ። የሚፈሰውን ቤት ሁሉ በአንድ ቀን አትሞክሩ፣ ሁለት ቤት በደንብ ክደኑ። ቆርቆሮ ካልተገኘ ሳር ነው። የጓሳ ሳር የመንዝ ሰው ከጥንት የሚከድንበት ነው፣ ግን በዘፈቀደ አይታጨድም። ኅብረተሰቡ የሚከፍትበት ጊዜ ስላለ አስቀድማችሁ ድርሻ ጠይቁ። በክረምት የበጎ ፈቃድ ወጣቶች ቤት ለማደስ ሲመጡ ዝርዝራችሁን ስጧቸው፣ ለፎቶ የሚመቸው መንገድ ዳር ያለው ቤት ብቻ እንዳይታደስ።

የጎብኚ መውጣትና ሞት

ጎብኚ ሲሄድ ሳይነግር አይጥፋ። ተተኪውን ይዞ ሁለት ጊዜ አብሮ ይሂድ፣ ቡና ይጠጡ፣ ያስተዋውቅ።

ሞትም ይመጣል። ቀብሩን እድሩ ያውቅበታል። እናንተ ግን ከሠልስቱ በኋላ ለቀስተኛው ሲበተን አትበተኑ። ባልና ሚስት ከነበሩ አንዱ ቀርቷል። ድንኳኑ በተነሳ ማግስት ጠዋት ጭሱን የሚያይ ሰው መድቡ። የጉብኝቱን ቀንም አትቀይሩ። ቅዳሜ ከነበረ ቅዳሜ፣ በዚያው ሰዓት፣ ያው ሁለት ሰው ይሂድ።